ከነዳጅ ማከማቻ መርዙ የሚያመልጠው በየት በኩል ነው?

ተረኛው

ጤና ይስጥልኝ። ነዳጅ ማከማቻ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ሺፍት። ሁሌም የሚያንገበግበኝን አንድ ነገር ላንሳ።

ስለ ብክለት ሲወራ ሁሉም ዓይኑን ታንከሩ ላይ ይተክላል። አርጅቷል ወይ? ወለሉ ዝጓል ወይ? ብየዳው ታይቷል ወይ? ጥያቄው ልክ ነው። ግን ነዳጁ አምልጦ አፈርና ውሃ ውስጥ የሚገባው ብዙ ጊዜ ማንም የነዳጅ መስመር ነው ብሎ በማይቆጥረው ቧንቧ ነው። የዝናብ ውሃ ማስወጫው፣ ከታንከሩ ሥር ውሃ የሚቀዳበት፣ የእሳት ማጥፊያ ፎሙ መስመር፣ የዘይትና ውሃ መለያ ገንዳው መውጫ፣ ከድሮ ሥራ የቀረ ባለቤት አልባ ቧንቧ። እኔ የጎን መስመሮች እላቸዋለሁ። የምርመራ ቀን አይቆረጥላቸውም። ኃላፊ የላቸውም። አንዳንዶቹ ፕላኑ ላይ እንኳ የሉም።

የሬድ ሂልን ታሪክ የማታውቁ ካላችሁ እነሆ። ሃዋይ፣ ኦዋሁ ደሴት ላይ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተራራ ውስጥ 20 ታንከሮች ሠራ። እያንዳንዱ 12.5 ሚሊዮን ጋሎን ይይዛል፣ ወደ 47 ሚሊዮን ሊትር መሆኑ ነው። ከሥራቸው 30 ሜትር ገደማ ወረድ ሲባል የመጠጥ ውሃ የሚቀዳበት የከርሰ ምድር ውሃ አለ።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 6 ቀን 2021 ነዳጅ ሲያዘዋውሩ ቫልቮቹ ያለ ቅደም ተከተላቸው ተከፈቱና ቧንቧ ተሰበረ። ከፈሰሰው የአውሮፕላን ነዳጅ አብዛኛው የት ገባ? የእሳት ማጥፊያ ፎም ቢፈስ ተሰብስቦ እንዲወገድ በተዘረጋው መስመር። እዚያው ተኛ። ስድስት ወር ሙሉ ማንም ሳያየው ቆየ። ኅዳር 20 ላይ አንድ ጋሪ በዋሻው ውስጥ ሲያልፍ የዚያን መስመር ቫልቭ ገጨው። ወደ 20 ሺህ ጋሎን ተዘረገፈ። ነዳጁ ወደ መጠጥ ውሃው ጉድጓድ ደረሰ፤ ያ የውሃ መስመር ደግሞ 93 ሺህ ያህል ሰው የሚጠጣበት ነው። ቤተሰቦች ቧንቧ ሲከፍቱ ነዳጅ ነዳጅ ይሸታቸው ጀመር። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የቆዳ ሽፍታ መጣ። መጋቢት 2022 ላይ የመከላከያ ሚኒስትሩ ማከማቻው ይዘጋ ብለው አዘዙ።

ልብ በሉ፣ በዚያ ቀን ታንከሮቹ አልተቀደዱም። እነዚያን ቤተሰቦች ያሳመመው ለነዳጅ ያልተሠራ መስመር ነው።

እናንተ በምትሠሩበት ቦታ የትኛው የጎን መስመር ነው እንቅልፍ የሚነሳችሁ?

ሰብለ (ኬሚስት)

ጋሼ ተረኛው፣ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ከታንከር ሥር የሚቀዳው ውሃ ነው።

ለማያውቁት፦ ታንከር ውስጥ ሁሌም ውሃ አለ። ከጭነቱ ጋር ይመጣል፣ በጣሪያው ማኅተም በኩል ዝናብ ይገባል፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። ውሃ ከነዳጅ ስለሚከብድ ሥር ይተኛል። እዚያ ተኝቶ ወለሉን ያዝጋል፣ ነዳጅ የሚበሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ያፈራል። ስለዚህ በየጊዜው መቀዳት አለበት። ችግሩ ብዙ ሰው "ውሃ ነው" ብሎ መልቀቁ ነው።

ያ ውሃ ከነዳጁ ጋር ሳምንታት ተኝቷል። ውስጡ ቤንዜን ሟሙቶበታል። ቤንዜን ስል መኪና ውስጥ የምንሞላውን ቤንዚን ማለቴ ሳይሆን በዚያ ቤንዚን ውስጥ ያለውን አንዱን ኬሚካል ነው። የደም ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። የአሜሪካው ደግሞ 5 ነው።

አንድ ሒሳብ ላሳያችሁ። ቤንዚኑ ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ ቤንዜን አለ እንበል። በአንድ ሊትር ውስጥ ወደ 8.8 ግራም ይሆናል ማለት ነው። ያ ሁሉ ውሃ ውስጥ ቢሟሟ 880 ሺህ ሊትር ያህል ውሃ እስከ 10 ማይክሮግራሙ ጣሪያ ድረስ ያደርሳል። ከአንድ ሊትር ብቻ!

ሌላው በጣም የሚያሳስበኝ የመለያ ገንዳው ነው። ዘይትና ውሃ የሚለየው ገንዳ የሚይዘው የሚንሳፈፈውን ብቻ ነው። የሟሟውን አይነካውም። ላዩ ንጹሕ፣ አንዲት የዘይት ነጠብጣብ የሌለበት ውሃ ከመውጫው ሲወጣ ታዩና "ጥሩ ነው" ትላላችሁ። ቤንዜኑ ግን አብሮ ወጥቷል። የሥር ውሃ ከመለያ ገንዳ በኋላ ሌላ ማጣሪያ ያስፈልገዋል። ከሰል ይሁን፣ በአየር ማናፈስ ይሁን፣ ባክቴሪያ ይሁን። ካልሆነ ለብቻው ተጠራቅሞ ወደሚያክም ቦታ ይሂድ።

እባካችሁ ደግሞ ወለል ያጠባችሁበትን ሳሙና ወደዚያ ገንዳ አትልቀቁ። ሳሙናው ዘይቱን በትናንሹ ሰባብሮ ከውሃው ጋር ያዋሕደዋል። ገንዳው ከዚያ በኋላ ምንም አይለይም።

ተረኛው

ሰብለ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጨረሻዋን ነገር በትልቁ ጽፈው ግድግዳ ላይ ቢለጥፏት ደስ ይለኛል።

ስለ መቅዳቱ አንድ ነገር ልጨምር። ቫልቩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው ጥቁር፣ ዝገትና ዝቃጭ ያለበት ነው። ከዚያ ጠራ ይላል። ከዚያ ወተት ይመስላል። ያቺ ወተት መሳይ ነገር ውሃው ሊያልቅ ነው ማለት ነው፤ ቀጥሎ ንጹሕ ነዳጅ ነው። ከጠራው እስከ ወተቱ ጊዜ ይወስዳል፣ ከወተቱ እስከ ነዳጁ ግን ጥቂት ደቂቃ ነው። ቫልቭ ከፍቶ "መጣሁ" ብሎ ስልክ ሊያነሳ የሄደ ሰው የሚያመልጠው ያቺ ደቂቃ ናት። ስፕሪንግ ያለው፣ እጅ ሲለቀው በራሱ የሚዘጋ ቫልቭ ዋጋው ትንሽ ነው። ሰውየው ቆሞ እንዲቀዳ ያስገድደዋል።

ማዶ

አልስማማም። ይቅርታ፣ ግን እናንተ ትንንሹን ስትቆጥሩ ትልቁ እየተረሳ ነው።

ሩሲያ ውስጥ ኖሪልስክን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 29 ቀን 2020 የአንድ ኃይል ማመንጫ የናፍጣ ታንከር ሥሩ ሰጠመና ተቀደደ። 21 ሺህ ቶን ገደማ ናፍጣ ወጣ። የአምባርናያ ወንዝ ቀይ ሆነ። ኩባንያው 146 ቢሊዮን ሩብል ካሣ እንዲከፍል ተፈረደበት። ያን በየትኛው የጎን መስመር ነው የምታስረዱት? ታንከር አርጅቶ፣ መሬቱ ከድቶት፣ ገንዘብ ያለው አካል በጊዜው ሳያድሰው ነው።

ፍሎሬፍም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 1988፣ ፔንሲልቬንያ፣ አሜሪካ። ከሌላ ቦታ ፈርሶ የመጣ አሮጌ ብረት እንደገና ተገጣጠመ። በውሃ ሞልቶ በወጉ ሳይፈተን ናፍጣ ተሞላበት። በዚያ ብርድ ብረቱ ተሰነጠቀና ታንከሩ በአንዴ ተተረተረ። 3.8 ሚሊዮን ጋሎን! ዋናው ነገር በጀት ነው። ሠራተኛውን "ቫልቭ ዝጋ" ማለት ይቀላል። ታንከር ቀይሩ ማለት ነው የሚከብደው።

መሐንዲሷ

ማዶ፣ ግማሹ እውነት ነው። ታንከር የውስጥ ምርመራ ይፈልጋል። ባዶ ተደርጎ፣ ታጥቦ፣ የወለሉ ብረት ውፍረት በየቦታው መለካት አለበት። ይሄ ሥራ ውድ ስለሆነ ሁሌ ወደ ቀጣዩ በጀት ይገፋል። በዚህ ላይ ከጎንህ ነኝ።

ፍሎሬፍን ግን እስከ መጨረሻው አንብበው። ናፍጣው ማዕበል ሆኖ ታንከሩን የከበበውን መከላከያ ግንብ ዘሎ አለፈ። ወደ ጎረቤት ግቢ ፈሰሰ። ወንዝ የገባው እዚያ በነበረ ክፍት የጎርፍ ቦይ በኩል ነው። ወደ 750 ሺህ ጋሎን ሞኖንጋሂላ ወንዝ ገባ፣ ከዚያ ኦሃዮ ወንዝ፣ በመንገዱ ላይ የስንት ከተማ የመጠጥ ውሃ ተቋረጠ። ቦዩን ቀድሞ የሚያውቅ፣ የሚዘጋበት ነገር ያዘጋጀ ሰው ቢኖር ታንከሩ መቀደዱ ባይቀርም ጉዳቱ ያንሳል። ጋሼ ተረኛው የሚሉት የገባኝ እንዲህ ነው። ታንከሩ ለምን ተቀደደ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። ከተቀደደ በኋላ በየት ይሄዳል የሚለው ሌላ።

ማዶ

እሺ፣ ቦዩን ተቀበልኩ። ግን ሁለተኛውን ጥያቄ ስንመልስ መጀመሪያውን የሚሸሹ ኃላፊዎች አሉ። ለዚህ ነው የምጮኸው።

መሐንዲሷ

ጩኽ። እኔም አብሬህ እጮሃለሁ።

እናት ዓለም

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እኔ የሙያው ሰው አይደለሁም። ቤቴ ከአንድ ማከማቻ ብዙም አይርቅም። የጉድጓድ ውሃ ነው የምንጠቀመው። ከዝናብ በኋላ አንዳንድ ጊዜ ሽታ ያለው ይመስለኛል፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የለም። ልጆች አሉኝ። እያፈላሁ ብሰጣቸው ይሆናል? ማንን ምን ብዬ ልጠይቅ?

ሰብለ (ኬሚስት)

እናት ዓለም፣ ጥያቄዎ ከሁላችንም ይበልጣል። ቀጥታ ልመልስ።

አያፍሉት። ማፍላት ጀርም ይገድላል። የነዳጅ ኬሚካል ግን በእንፋሎት ወጥቶ ቤትዎ አየር ውስጥ ይገባል፣ እርስዎና ልጆቹ ትተነፍሱታላችሁ። ሙቅ ሻወርም እንዲሁ። ውሃው ተመርምሮ ውጤቱ እስኪታወቅ ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያና ለሕፃን ገላ ሌላ ውሃ ይጠቀሙ።

አፍንጫዎን ለማስጠንቀቂያ ይመኑት፣ ለማረጋገጫ ግን አይመኑት። ከሸተተ ችግር አለ። ካልሸተተ ግን ደኅና ነው ማለት አይደለም። ቤንዜን ውሃ ውስጥ ለሰው አፍንጫ የሚሸትተው ከሚፈቀደው መጠን በብዙ መቶ እጥፍ ሲያልፍ ነው። ጭራሽ አይቅመሱት።

ላቦራቶሪ ሲሄዱ "ውሃ ልመርመር" ብቻ አይበሉ። ተራው ምርመራ ባክቴሪያና ጨው ያያል እንጂ ነዳጅ አያይም። ቤንዜን፣ ቶሉዊን፣ ኤቲልቤንዜንና ዛይሊን እፈልጋለሁ ይበሉ። አጠቃላይ የፔትሮሊየም መጠንም ያስጨምሩ። ማከማቻው አሮጌ ከሆነ ሊድም ይጨመር፤ ድሮ ቤንዚን ውስጥ ይገባ ስለነበር በአሮጌ ግቢዎች አፈር ውስጥ ሊኖር ይችላል። ናሙናው በላቦራቶሪው ትንንሽ የመስታወት ብልቃጥ ይቀዳ፣ እስከ አፉ ሞልቶ፣ አንዲት የአየር አረፋ ሳትቀር። አረፋ ካለ ኬሚካሉ ወደ እሷ ወጥቶ ውጤቱ ከእውነቱ ያንሳል። በቀዝቃዛ ይያዝ። በላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ቀድተው እንዳይወስዱ።

ከዝናብ በኋላ ያሉት ነገር ቁም ነገር ነው። ነዳጅ መሬት ውስጥ በውሃው ወለል ላይ ይንሳፈፋል። ዝናብ ሲመጣ ውሃው ከፍ ይላል፣ አፈር ላይ ተጣብቆ የነበረውን ያገኘዋል። ስለዚህ አንድ ናሙና ከዝናብ በፊት፣ አንድ ከዝናብ በኋላ ይውሰዱ። የተሰማዎትን ቀንና ሰዓት ይጻፉ።

ተረኛው

እናት ዓለም፣ ማከማቻውንም ሆነ የሚቆጣጠረውን አካል አንድ ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፦ "በግቢው ዙሪያ የመቆጣጠሪያ ጉድጓድ አላችሁ ወይ? የመጨረሻው ውጤት ስንት ነው?" መቆጣጠሪያ ጉድጓድ የሚባለው ውሃው ከግቢው ወደሚወጣበት አቅጣጫ የሚቆፈር ቀጭን ጉድጓድ ነው። በየጊዜው ናሙና ይወሰድበታል። ካለ ውጤት አለ። ከሌለ ደግሞ ማንም "ንጹሕ ነው" ብሎ ሊምልልዎ አይችልም።

እሳት ተዋጊ

የፎሙን የራሱን መርዝ ማንም አላነሳውም፣ እኔ ላንሳው። የነዳጅ እሳት በውሃ አይጠፋም፣ ነዳጁ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ይነዳልና። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በነዳጁ ላይ ቀጭን ሽፋን የሚዘረጋ ፎም ሥራ ላይ ዋለ። ድንቅ ነገር ነው፣ የስንት ባልደረባችንን ሕይወት አትርፏል። ግን ውስጡ ፒፋስ የሚባሉ ኬሚካሎች አሉ። አይፈርሱም። ፀሐይም ባክቴሪያም አይነካቸውም። ከውሃ ጋር ሩቅ ይሄዳሉ፣ ሰውነት ውስጥም ዓመታት ይቀመጣሉ። ከእነሱ አንዱ ፒፎስ እ.ኤ.አ. በ2009 በዓለም አቀፉ የስቶክሆልም ስምምነት ተገደበ፣ ፒፎአ በ2019፣ ፒኤፍኤችኤክስኤስ በ2022። አሜሪካ በ2024 ለፒፎስና ለፒፎአ ያወጣችው የመጠጥ ውሃ ጣሪያ በሊትር 4 ናኖግራም ነው። ቅድም ሰብለ ከጠቀሰችው የቤንዜን ልክ ጋር አስተያዩት። በሺህ እጥፍ ያንሳል።

ባንስፊልድ የነዳጅ ማከማቻ፣ እንግሊዝ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 11 ቀን 2005። ታንከር ሞልቶ ፈሰሰ፣ ጋዙ ፈነዳ፣ እሳቱ ለቀናት ነደደ። 43 ሰው ተጎዳ፣ ሰው አልሞተም። እሳቱ በፎም ጠፋ። ግን ነዳጁ፣ ውሃውና ፎሙ ተደባልቆ በግንቦቹ መገጣጠሚያ ስንጥቅ ሾልኮ መሬት ገባ። ከሥር ኖራ ድንጋይ ነው፣ የመጠጥ ውሃ የሚቀዳበት። ከዚያ በኋላ በከርሰ ምድር ውሃው ውስጥ ፒፎስ ተገኘ።

ሬድ ሂልም ነዳጁ ሳያንስ ኅዳር 29 ቀን 2022 ላይ 1,300 ጋሎን ያልተበረዘ ፎም ፈሰሰ። እሳት አልነበረም። ጥገና ላይ ነበሩ።

እኔ የምለው ሦስት ነገር ነው። በፒፋስ ፎም ልምምድ አይደረግ፣ ለልምምድ የሚሆን ሌላ ፎም አለ። ሲስተሙ ሲፈተሽ የሚወጣው ፈሳሽ በሙሉ ይሰብሰብ፣ ሣር ላይ አይለቀቅ። ፍሎሪን ወደሌለው ፎም የሚሸጋገር ደግሞ በርሜሉን ብቻ ቀይሮ አይተው። አሮጌው ኬሚካል የቧንቧው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቆያል፣ አዲሱንም ይበክላል። ማደባለቂያውና የሚረጭበት መጠንም እንደገና ይታይ፣ አዲሱ ፎም እንደ አሮጌው አይሠራም።

መሐንዲሷ

ባንስፊልድ ከተነሳ ስለ ጓጉንቸር ቁልፏ ልንገራችሁ።

912 ቁጥር ታንከር ላይ ሁለት መከላከያ ነበረ። አንደኛው ስንት እንደሞላ የሚያሳይ ጌጅ ነው። ያ ጌጅ ሌሊት ላይ ተጣብቆ ቆመ። ቤንዚኑ እየገባ ነው፣ ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ አይነቃነቅም። ሁለተኛው ጫፍ ላይ ያለ ለብቻው የሚሠራ ማብሪያ ነው። ታንከሩ ሊሞላ ሲል ሁሉንም ማስቆም ነበረበት። ያ ማብሪያ የመፈተሻ እጀታ አለው። እጀታው በትክክለኛው ቦታ እንዲቆም በጓጉንቸር መቆለፍ ነበረበት። ጓጉንቸሩ የለም። የገጠሙት ሰዎች ለመጠበቂያ ብቻ የተሠራ መስሏቸው ነው። ስለዚህ ማብሪያው ሳይሠራ ቀረ። ከ250 ሺህ ሊትር በላይ ቤንዚን ከጣሪያው ፈሰሰ።

እዚህ ላይ ማዶን ልጠይቀው። አዲስ ታንከር ቢገዙ ያቺን ጓጉንቸር ያስገጥምላቸው ነበር?

ማዶ

አያስገጥምም። ግን ያ ጌጅ ከዚያ በፊትም በተደጋጋሚ ተጣብቋል፣ መርማሪዎቹ ጽፈውታል። ደጋግሞ የሚጣበቅ ጌጅ የማይለወጠው ለምንድን ነው? መልሱ በጀትና የሥራ ጫና ነው። እንደገና እዚያው ደረስን።

ሒሳብ ሹም

እኔ ቫልቭ አልነካም፣ ቁጥር ነው የምነካው። ግን መፍሰሱን ቀድሞ የሚያየው የኔ ወረቀት መሆን ነበረበት።

30 ሜትር ዲያሜትር ያለው ታንከር ውስጥ አንድ ሚሊሜትር ከፍታ ወደ 700 ሊትር ነው። ጌጁ በሁለትና በሦስት ሚሊሜትር ቢሳሳት 2 ሺህ ሊትር ዓይናችሁ እያየ ይጠፋል። በሌላ በኩል በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ መጋጠሚያ በቀን ከ4 ሊትር በላይ፣ በዓመት ከ1,500 ሊትር በላይ ነው። በዕለቱ ልኬት ፈጽሞ አይታይም። ሙቀቱም አለ። ቤንዚን በአንድ ዲግሪ ወደ 0.1 በመቶ ይሰፋል። 10 ሚሊዮን ሊትር ያለበት ታንከር ውስጥ አንድ ዲግሪ ወደ 10 ሺህ ሊትር ያወዛውዛል። ልኬቱ ወደ 15 ዲግሪ ካልተመለሰ ሒሳቡ ከንቱ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የአንድ ቀን ጉድለትን ትቼ አቅጣጫውን አያለሁ። የልኬት ስህተት አንድ ቀን ትርፍ፣ አንድ ቀን ጉድለት ያሳያል። ፍሳሽ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ነው። ለሳምንታት ትንሽ ትንሽ ጉድለት ብቻ ካየሁ፣ እያንዳንዱ ቀን "ከሚፈቀደው በታች" ቢሆንም፣ ታንከሩ ሥራ አቁሞ ይፈተሽ እላለሁ። ብዙ ቦታ ግን ያችን ጉድለት "የትነት" ብሎ መዝጋት ልማድ ሆኗል።

ጋሼ ተረኛው ያነሡት የሬድ ሂል ጉዳይ ላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ግንቦት ላይ ፈሰሰ ተብሎ መጀመሪያ የተነገረው 1,600 ጋሎን ገደማ ነው። የታንከሮቹ መጠን ግን ወደ 20 ሺህ ጋሎን ጉድለት ያሳይ ነበር። ያ ሁሉ ነዳጅ የት ሄደ ብሎ እስከ መጨረሻው የጠየቀ የለም። ቁጥሩ አልዘጋ ሲል ሥራ አቁሞ መፈለግ ነበረባቸው።

ተረኛው

ሒሳብ ሹም፣ አንተን የመሰለ ሰው እያንዳንዱ ማከማቻ ውስጥ ቢኖር ምንኛ ጥሩ ነበር።

እዚያው ሬድ ሂል እ.ኤ.አ. በ2014ም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። 5 ቁጥር ታንከር ተጠግኖ ሲሞላ አላርም ጮኸ። የአላርሙ ችግር ነው ተባለ። 27 ሺህ ጋሎን ሄደ። ብየዳው ነበር።

ዝናብ

አንብቤ ጨረስኩ። የኔ ጥያቄ ቀላል ነው ግን ሥራ ቦታ ያጨቃጭቀናል። ታንከሮቹን የከበበው ግንብ የዝናብ ውሃ ማስወጫ ቫልቭ አለው። የዝናብ ወቅት ሲመጣ አለቃችን ክፍት ይሁን ይላል። ካልሆነ ውሃው ይጠራቀማል፣ ፓምፑ ይሰጥማል። እኔ አይመቸኝም። ማን ነው ልክ?

መሐንዲሷ

አንተ ነህ ልክ። ቫልቩ ክፍት ከሆነ ግንቡ የለም ማለት ነው። ያ ሁሉ ኮንክሪት በአንድ የተረሳ ቫልቭ ዋጋ ያጣል።

አለቃህ የሚፈሩት ነገር ግን እውነት ነው፣ አትናቀው። ግንቡ ብዙ ቦታ የሚሠራው ከትልቁ ታንከር 110 በመቶ እንዲይዝ ተደርጎ ነው። ግማሹን ዝናብ ከሞላው ያ ስሌት ፈረሰ። ከዚህም የከፋ አለ፦ ባዶ ሊሆን የደረሰ ታንከር ዙሪያውን ውሃ ከከበበው ይንሳፈፋል። ከቦታው ተነሥቶ ቧንቧዎቹን ይገነጥላል። ስለዚህ ዘግቶ መተውም መልስ አይደለም።

ዘግቶ መቆለፍ፣ ከዚያ ሰው ቆሞ ማፍሰስ ነው። ከግንቡ ውጭ የሚዘጋ፣ ክፍት መሆኑ ከሩቅ የሚታይ ቫልቭ ይሁን። ውሃው ከመለቀቁ በፊት ይታይ። ላዩ ላይ ቀስተ ደመና ቀለም ካለ ወደ ውጭ አይሄድም፣ ወደ መለያ ገንዳው ነው። የከፈተውና የዘጋው ሰው ስሙንና ሰዓቱን ይጽፋል። ዘጋሁ ብሎ ሳይፈርም ሺፍት አይቀየርም። ዝናቡ በየቀኑ ከሆነ በየቀኑ ነው። በዝናብ ወቅት ታንከሮች ከተወሰነ ከፍታ በታች እንዳይወርዱም ያዙ።

ዝናብ

የሺፍት ርክክቡ ወረቀት ላይ ይሄ ቦታ የለውም። አስገባዋለሁ። ሌላ ጥያቄ፦ የቦቴ መሙያው ጋ የሚንጠባጠበውን ሰጋቱራ እንበትንበታለን። ያንን ምን እናድርገው?

ሰብለ (ኬሚስት)

ነዳጅ የጠጣ ሰጋቱራ ተራ ቆሻሻ ሳይሆን አደገኛ ቆሻሻ ነው። ክዳን ባለው በርሜል፣ ለብቻው፣ ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ፣ ፈቃድ ወዳለው አስወጋጅ ይሂድ። ግቢ ጥግ ላይ ከተከመረ የመጀመሪያው ዝናብ አጥቦ መሬት ያስገባዋል። የታንከር ዝቃጭም እንደዚሁ። መሙያው ሥር ያለው ወለል ደግሞ ስንጥቅ የሌለው ኮንክሪት ይሁን፣ ጠጠር ላይ የተንጠባጠበ ነዳጅ አይጠረግም።

እናት ዓለም

ተባረኩ። ብልቃጡን ከላቦራቶሪ አምጥቻለሁ። ለማከማቻውም በጽሑፍ ጠይቄያለሁ፣ ደብዳቤውን ተቀብለው ማኅተም አድርገውልኛል። የሚሉትን እጽፍላችኋለሁ።

ሰብለ (ኬሚስት)

የማኅተሙን ቅጂ ያስቀምጡ። ውጤቱ ሲመጣ ቁጥሩን ከነመለኪያው እዚህ ይጻፉልን፣ አብረን እናነበዋለን። ማይክሮግራምና ሚሊግራም በሺህ ይለያያሉ፣ እዚያ ላይ እንዳንሳሳት።

ማዶ

አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ከልቤ ነው። ጋሼ ተረኛው፣ ፕላን ላይ የሌለ ቧንቧ አለ ብለዋል። የሌለን ነገር እንዴት ይፈልጉታል?

ተረኛው

ጥሩ ጥያቄ። ቀለም በመጠቀም ነው።

ለምርመራ የሚሆን ጉዳት የሌለው ደማቅ አረንጓዴ ቀለም አለ፣ ውሃ ላይ ትንሽ ጠብ ሲል ይታያል። መጀመሪያ ለሚቆጣጠረው አካል ይነገራል፣ ወንዝ አረንጓዴ ሆኖ ሰው እንዳይደናገጥ። ከዚያ በደረቅ ቀን በአንዱ የወለል ማስወጫ ቀለም ያለው ውሃ ይፈስሳል። ሌሎች ሰዎች መውጫ ይሆናል የተባለው ቦታ ሁሉ ላይ ይቆማሉ፤ መለያ ገንዳው ጋ፣ የጎርፍ ቦዩ ጋ፣ ከግቢው አጥር ውጭ ያለው ቦይ ጋ። ሰዓት ይያዛል። ቀለሙ ገንዳው ውስጥ ከታየ ጥሩ። ቦዩ ውስጥ ከታየ ያ መስመር ዛሬውኑ ይደፈናል። የትም ካልታየ ከሁሉ የሚያስፈራው እሱ ነው፣ ቧንቧው መሬት ውስጥ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ማስወጫ። ውሃው ሌላ ቀለም ይደረጋል፣ ወይም የመጀመሪያው እስኪጠራ ይጠበቃል።

የተገኘው አሮጌ ቧንቧ ደግሞ ቫልቩን ዘግቶ መተው አይበቃም። ባዶ ይደረጋል፣ በሁለቱም ጫፍ ይቆረጣል፣ በብረት ክዳን በብሎን ይታሰራል፣ ፕላኑ ላይ ይሣላል።

ማዶ

ይሄ በጀት አያስፈልገውም።

ተረኛው

አንድ ቀንና የተወሰኑ ሰዎች ይበቁታል።

ዝናብ

ስንት ሰው? ሰኞ ልጠይቅ ነው።

ተረኛው

ቢያንስ አራት። አንዱ ያፈሳል፣ ሁለቱ መውጫዎቹ ላይ ይቆማሉ፣ አንዱ ፕላኑን ይዞ ይጽፋል። ለነዳጅ አካባቢ የተሠራ ሬዲዮ ያዙ፣ ተራ ስልክ እዚያ አይፈቀድም። ከፎሙ መስመር ጀምሩ።